ቦርሳ ጠባቂዋ

የከተማ አውቶቡስ ሹፌሯ ዛሬ ቆርጣ ተነሥታለች፤ ሳትጨፍር ቤቷ አትገባም።

ጭፈራ ቤት ለእሷ አዲስ ነገር ሆኖ አይደለም። ታናሽ እህቷና ጓደኞቿ በወጡ ቁጥር አስከትለዋት ይሄዳሉ። የምትሄደው ግን ለጭፈራ ሳይሆን ለቦርሳ ነው። ጥግ ያለውን ጠረጴዛ ትይዛለች፤ ቦርሳው፣ ኮቱ፣ ስልኩ፣ የጠበባት ካለችም ጫማው ሳይቀር እሷ ላይ ይከመራል። ሌሎቹ መሃል ገብተው ላብ በላብ ሲሆኑ እሷ ለስላሳዋን እየጠጣች የሰው ዕቃ ትጠብቃለች። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ታናሿን እንደ ልጅ ያሳደገቻት እሷ ናትና መጠበቋ ማንንም አልገረመም፤ ራሷንም ጭምር።

ባለፈው ግን አንዷ የእህቷ ጓደኛ፣ ሙዚቃው ድንገት ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ «እትዬ አለች አይደል፣ እሷ ጋ ጣይው። የእሷ እንደሆነ ጊዜዋ አልፏል» ስትል ሰማቻት። ልጅቷ ክፋት የለባትም፤ አፏ ነው የሚቀድማት። ነገሩ ግን ሹፌሯ ሆድ ውስጥ ገብቶ፣ መሪ ይዛም ሆነ አልጋ ላይ ሆና ሲያብሰለስላት ሰነበተ። ጊዜዋ መቼ ነው ያለፈው? ሲያልፍ እንኳ አላየችውም።

ስለዚህ የነገ ጠዋት ፈረቃዋን ከባልደረባዋ ጋር ተቀያየረች፤ የማይቆረቁራትን ጫማ አደረገችና ተከተለቻቸው።

ሲደርሱ ቤቱ ጢም ብሏል። ገና ከመቀመጣቸው ቦርሳዎቹ እንደ ልማዳቸው ወደ እሷ መጡ።

«ዛሬ አልጠብቅም» አለች።

ሳቁ። የምትቀልድ መስሏቸው ነበር።

«ምነው እትዬ፣ ተቀየምሽን እንዴ?» አለች እህቷ።

«አልተቀየምኩም። መጨፈር እፈልጋለሁ።»

«አይ እትዬ፣ ይደክምሻል። ቀኑን ሙሉ ስትነጂ ውለሽ?»

«ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ነው የዋልኩት» አለችና አብሯቸው ወደ መጣው የእህቷ እጮኛ ዞረች። «አንተ ና፣ እዚህ ተቀመጥ።»

ሰውየው ግራ ቀኙን አየ። «እኔ?»

«አዎ፣ አንተ። ጠጋ በል።»

ስንቱን እልኸኛ ተሳፋሪ ልክ ያስገባች ድምፅ ናት፤ እጮኛው እንዴት እንደተቀመጠ ራሱም አላወቀም። ቦርሳዎቹን ጭኑ ላይ ደረደረችለት።

የመጨፈሪያው ወለል ዳር ስትደርስ ግን መግቢያ አጣች። ዳር ዳሩ በሰው ታጥሯል፤ አንዱ በክርኑ ገፋት፣ ሌላዋ ፀጉሯን እያወዛወዘች ፊቷ ላይ በተነችባት። ብትመለስ ማንም ምንም አይላትም። ያስፈራትም ይኸው ነው፦ ማንም ምንም አለማለቱ። ጥርሷን ነክሳ ቆመች። በሰዎቹ ትከሻ መካከል አሻግራ ብታይ መሃሉ ባዶ ነው። ይሄኔ አፏ ከሐሳቧ ቀደመ።

«መሃሉ ባዶ ነው! ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ በሉ!»

ሕዝቡ ማን እንዳዘዘው ሳይጠይቅ ተጠጋ። አንዱማ ቲኬት የተጠየቀ ይመስል እጁን ኪሱ ሰደደ። ሹፌሯ መጀመሪያ አፈረች፣ ቀጥሎ ሳቋ መጣ፤ እየሳቀች በተከፈተላት ቦታ ገባች።

ጭፈራዋን አሳምረን አናውራ። ትከሻዋ ደርቋል። ቀኝ እግሯ ደግሞ፣ ሰው ፊት ለፊቷ በመጣ ቁጥር፣ ፍሬን ይረግጣል። ከፊቷ የነበረው ቦርጫም ሰውዬ አዲስ ስልት መስሎት እሱም ወለሉን እየደበደበ ይመልስላት ጀመር። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ትከሻዋ ተፈታ። ከዚያ ወዲያ መቁጠሩን ተወችው። ደስ አላት። እንዲህ ደስ ብሏት የነበረው መቼ እንደሆነ አላስታወሰችም፤ ለማስታወስም አልሞከረች።

በመጨረሻ እህቷ ኮቷን ለብሳ መጣች።

«እትዬ፣ ልጆቹ ደክሟቸዋል። እንሂድ?»

ሌላ ጊዜ «እንሂድ» የምትለው ሹፌሯ ነበረች።

«ሂዱ። እኔ ገና ነኝ።»

እህቷ ቆማ አየቻት። «ጭፈራ እንዲህ እንደምትወጂ እኮ አላውቅም ነበር። ነግረሽኝ አታውቂም።»

«አንቺስ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

በቁጣ አልነበረም ያለችው፤ እግሯም አልቆመም። እህቷ ግን ፊቷ ተለዋወጠ። «ግድ የለም የኔ እናት፣ ነይ እንሂድ» የሚለው የሹፌሯ የዕድሜ ልክ ልማድ አፏ ላይ መጣ። ዋጠችው።

እህቷ ኮቷን እያወለቀች ወደ ጠረጴዛው ተመለሰች። እጮኛዋን አስነሥታ በእሱ ቦታ ተቀመጠች፣ እጇንም አጣጥፋ ታላቋን መጠበቅ ጀመረች። ሹፌሯ ይህን ሁሉ አየች። አልጠራቻትም። ጀርባዋን ሰጥታ ወደ መሃል ገባች።