መርዶ በስልክ

እታገኝ በሦስተኛው ቀን ጠዋት እንደ ወትሮዋ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣች። ፊቷን ታጠበች፤ አልጋውን በእሷ በኩል ብቻ አነጠፈች፤ ሻይ ጣደች። ከዚያ የአፓርታማውን በር ገርበብ አድርጋ ተወችው። ለቅሶ ቤት በር አይዘጋም።

አራት ሰዓት ሲሆን በስደት የሚኖሩባት የክላርክስተን ከተማ ሐበሻ ሳሎኑን ሞላው። ባሏ አክሊሉ ኤርፖርት፣ ታክሲው ውስጥ ተራ ሲጠብቅ ነው ልቡ ቀጥ ያለው። ቀብሩ አንድ ልጃቸው ሩሐማ ከስኮትላንድ እስክትመጣ ይቆያል። ሩሐማ ግን አባቷ መሞቱን አታውቅም።

«በስልክ መርዶ አይነገርም» ብለው የወሰኑት የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ሀብታሙ ናቸው። ግላስጎው ያሉ ሁለት ኢትዮጵያውያን በማለዳ በሯን አንኳኩተው፣ አቅፈው እንዲነግሯት ተላኩ። የምትማረው ግን ደሴት ላይ ነው። ንፋስ ተነሥቶ ጀልባው ከትናንት ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም፤ መርዶ ነጋሪዎቹ ጥቁር እንደለበሱ ወደቡ አጠገብ ሆቴል ይዘዋል።

«ቆይ፣ እዚያ ደሴት ምን ልትማር ሄደች?» አለች ጎረቤቷ ሱመያ በሹክሹክታ።

«ጌሊክ የሚባል ቋንቋቸውንና ባህላቸውን፣ ከሱ ጋር የማኅበረሰብ ልማት» አሉ ጋሽ ሀብታሙ። «ስንት ሰው ይናገረዋል ብላት፣ ጋሼ ትንሽ ነው አለችኝ። ኬኔሶ ዩኒቨርሲቲ አፍንጫዋ ሥር እያለ!»

«ፍርድ ቤት የጌሊክ አስተርጓሚ ሲፈልጉ ተወዳዳሪ የላታማ!» አለች ሱመያ። የት እንዳለች ትዝ ሲላት አፏን በሻርፗ ሸፈነች።

አክሊሉም መጀመሪያ ስቆ ነበር። በኋላ ሩሐማ አንድ ጽሑፍ ላከችለት። ወጣቱ ጥሎት የሄደ፣ ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ የደረሰ የዚያ ደሴት መንደር፣ ሰዎቹ ተሰብስበው መሬቱን በጋራ ገዝተው፣ ቤት ሠርተው፣ ልጆቻቸውን በራሳቸው ቋንቋ ማስተማር እንደጀመሩ የሚተርክ ነው። ካነበበበት ቅዳሜ ጀምሮ ፓርኪንግ እየወረደ መኪናው ውስጥ ለብቻው ስልክ ይዞ ማውራት አመጣ። እታገኝ ሌላ ሴት መስሏት አንድ ቀን በሩን ከፈተችው። አክሊሉ በማታውቀው ቋንቋ ድምፁን እየቀዳ ነበር።

ዛይኛ ነው። የዝዋይ ሐይቅ ደሴት ልጅ መሆኑን ታውቃለች። ቋንቋውን ግን ከተማ ትምህርት ቤት ልጆች ከሳቁበት ቀን ወዲህ ከአፉ አውጥቶት አያውቅም።

«ልጅቷ ስለ ቋንቋዬ ጠየቀችኝ» አለ እንደ ሌባ እየተርበተበተ። «ማንም ጠይቆኝ አያውቅም እኮ።»

እታገኝም አልጠየቀችውም ነበር።

ሳሎን ውስጥ ስልኳ ጮኸ። ሩሐማ ናት።

«መኝታ ቤት ግቢና አናግሪያት። ተኝቷል በያት» አሉ ጋሽ ሀብታሙ። «ነገ ጀልባው ይነሣል።»

ገብታ በሩን መለስ አደረገችው።

«ማሚ፣ አባዬ ለምንድነው ፎኑን የማያነሳው? ሦስት ቀን ሙሉ ቴክስት አደረግኩት። ነገ ፕሬዘንቴሽን አለኝ፣ ላይክ፣ ሙሉው የሱ ቃላት ነው! አንዷ ብቻ ቀረችኝ። መረብ ሲስቡ የሚሏት ነገር አለች፤ ሪከርዱ ላይ የሆነ መኪና ጥሩምባ ሲነፋ ዋጣት። ትጠይቂልኛለሽ?»

እታገኝ «ተኝቷል» ልትል አፏን ከፈተች። ባሏን ሃያ ስድስት ዓመት ሳትጠይቀው ኖራለች። አሁን ደግሞ ልጁን ልታታልልበት ነው።

«ሩሐማ፣ አጠገብሽ ሰው አለ?»

«ሩምሜቴ አለች። ዋት? ማሚ፣ ምን ሆነሽ?»

«እጇን ያዢ።»

ነገረቻት።

ጩኸቱ ሲመጣ ስልኩን ከጆሮዋ አላራቀችም። ሰው ለብቻው አያለቅስም። ስፒከር አድርጋ ሳሎን ይዛው ወጣችና በሴቶቹ መሀል ጉልበቷ ላይ አኖረችው። ጋሽ ሀብታሙ ብድግ አሉ። ሊቆጡ መስሏት ነበር፤ ቀድመው ያለቀሱት ግን እሳቸው ናቸው። «ሩሐማዬ፣ እዚህ ነን፤ ሁላችንም እዚህ ነን» አሉ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው።

ለቅሶው ጋብ ሲል የልጅቷ ድምፅ ተሰማ።

«ማሚ... ቃሏስ?»

እታገኝ ዙሪያዋን አየች። ሳሎኑ ውስጥ አርባ ያህል ሰው ነበር። አማርኛ የሚያውቅ፣ ኦሮምኛ የሚያውቅ፣ ትግርኛ የሚያውቅ፣ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ነበር። ዛይኛ የሚያውቅ አልነበረም።