ያለ ሰላምታ የተደወለ ስልክ

ልብስ ሰፊው ከጠዋት ጀምሮ አንድ ኪስ ሦስት ጊዜ ሰፍቶ ሦስት ጊዜ ፈትቶታል። መጀመሪያ ዘቅዝቆ ሰፋው፤ ቀጥሎ ከሱሪው እግር ጋር አጣብቆ ሰፋው፤ በሦስተኛው ምን እንዳደረገው እሱም አያውቀው። የተማሪ ዩኒፎርም ነው፣ ገና ሠላሳ ሁለት ሱሪ ይቀረዋል። ግን ምን ያድርግ ሰውዬው? ልቡ ሱሪው ላይ የለችም። ልቡ ባሕር ማዶ፣ አይቶት የማያውቀው ፎቅ ላይ፣ የሰው ልብስ ከምታሰጣ ልጁ ዘንድ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቷ ሰው ቤት ተቀጥራ ከሄደች ዛሬ ሁለት ዓመት ሞላት። ትናንት ከጎረቤት በረንዳ በምታዋራት ጓደኛዋ ስልክ መልእክት ልካለች፦ "እመቤቴ ለሌላ ሁለት ዓመት ፈርሚ እያለችኝ ነው። ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ወረቀቱን ታመጣለች። እናንተ ምን ትላላችሁ?" ምን ትላላችሁ! አባት ምን ይላል? ነይ ነዋ የሚለው! እናቷ ከሞተች ወዲህ ያለችው ልጅ እሷው ብቻ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ነይ ሊላት እየፈለገ፣ በኔ የተነሳ ሥራዋን ትጣል እንዴ እያለ ዋጥ ሲያደርጋት ከርሟል። ዛሬ ሲነጋ ግን ቆርጧል። ጓደኛዋ እንደሆነች መልእክቷን ሰድዳ ወደ ሥራዋ ገብታለች፤ እስከ ማታ ስልኳን አትከፍትም። መናገር ካለበት ራሱ ነው፣ ከስድስት ሰዓት በፊት።

መደወል ቀላል ይመስላችኋል? በቀጥታው መስመር ከሆነ ገና ሄሎ ሳይባል ሒሳቡ እልም ይላል። ኢንተርኔት ያለውን ስልክ ደግሞ እመቤቷ አትፈቅድም። ልጅቷ ያላት ባለ ቁልፍ አሮጌ ስልክ ነው፤ እሱንም የምታነሳው ልብስ ልታሰጣ በረንዳ ላይ ስትወጣ፣ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ። ስለዚህ አቅማቸው የሚችለው የሚፋቀውን ካርድ ነው። መንገዱን ተሻግሮ ትንሽ የስልክ ሱቅ ያላት፣ ባለ ስልኳ የሚሏት፣ ትሸጠዋለች። መጀመሪያ የካርዱ ቁጥር፣ ከዚያ የምስጢር ቁጥሩ፣ ከዚያ የአገሩ፣ ከዚያ የልጅቷ። ልብስ ሰፊው ይህን ሁሉ በጠመኔ ጥቁር ጨርቅ ላይ ይጽፍና መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ አንድ በአንድ ይጫናል። ካርዱ ዘጠኝ ደቂቃ ያስወራል። ስምንቱ ሲያልቅ አንዲት የተቀዳች ሴት ትገባና "አንድ ደቂቃ ይቀርዎታል" ትላለች።

ዘጠኝ ደቂቃ ለደህና ሰው ብዙ ነው። ለዚህ ቤተሰብ ግን ለሰላምታም አይበቃ! ሰላምታ እዚህ ቤት በሽታ ነው። በተለይ ታላቅ እህቱ፣ አብራው የምትኖረው፣ ሰፈሩ "ሬዲዮ" ብሎ ስም ያወጣላት ሴትዮ፣ አንዴ ከተከፈተች የሚዘጋት የለም። ክፉ እንዳትመስላችሁ፤ ልጅቷን ያሳደገቻት እሷ ናት፣ ነፍሷን ብትጠየቅ ትሰጣለች። ስልክ ግን አትስጧት።

ልክ አራት ሰዓት ላይ ደወለ። ጥሪው ገና ሲነሳ ስልኩ ከእጁ ተነጥቋል። ታላቅ ናትና መጀመሪያ ሰላም የምትለው እሷ ናት፤ ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አይታወቅም፣ የጣሰውም የለም።

"ሄሎ! እንዴት ነሽ የኔ ዓለም? ደህና ነሽ? ጤናሽስ? እንቅልፍሽስ? ወገቤን ብለሽ ነበር፣ እሱስ ተሻለሽ? እመቤትሽ ደህና ናት? ባሏስ? ትንሹ ልጅ ጥርስ አበቀለ? እሰይ! ድመቷስ?"

"ደህና ነኝ አክስቴ። ደህና ናቸው። እሷም ደህና ናት።"

"ለድመት ደግሞ!" አለ ልብስ ሰፊው ጥርሱን ነክሶ። "እታለም፣ በናትሽ ስልኩን!"

"ቆይ እንጂ! ሰላም ልበላት እንጂ! የሰው ልጅ ናት እኮ!"

በስድስተኛው ደቂቃ ለቀቀችለት። አሁን እሱን ተመልከቱልኝ። ሲቃጠል ያረፈደው እሱ፣ ነገሩን በልቡ ሲደጋግም ያነጋው እሱ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገና "ደህና ነሽ ልጄ?" አለ።

"ደህና ነኝ አባዬ።"

"ደህና ሰነበትሽ?"

"ደህና።"

"ጤናሽስ? ሥራስ እንዴት ነው? ብርድ አለ እዚያ?"

እስቲ ፍረዱኝ! የብርዱ ነገር አሁን ማን ጠየቀው? ግን አፉ አልታዘዝ አለው። ያለ ሰላምታ ወሬ መጀመር ለሱ ሱሪ ሳይለብሱ መንገድ እንደመውጣት ነው።

"አንድ ደቂቃ ይቀርዎታል" አለች የተቀዳችው ሴት።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለች እህቱ ከጎን።

"አባዬ፣ ወረቀቱ ዛሬ ነው። እናንተ እንዳላችሁ ነው የማደርገው።"

"እሱማ አዎ... እኔማ... አንቺ ምን አሰብሽ?"

"እኔማ ምን አስባለሁ? ነይ ካላችሁኝ..."

"እኔ የምለው ምንድን ነው፣ እ... ልጄ..."

ጭጭ። መስመሩ ተቆርጧል።

 ስልኩን አየው፣ አናወጠው፣ እንደገና አየው። ከዚያ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ መርፌው ደረቱ ላይ እንደተሰካ ብድግ ብሎ መንገዱን ተሻገረ። አንድ ሹፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ሰደበው፤ አልሰማውም።

"የዘጠኝ ደቂቃው አልቋል ጋሼ" አለች ባለ ስልኳ። "የጠዋቱን የመጨረሻ እርስዎ ነዎት የወሰዱት። ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው።"

ከሰዓት በኋላ ምን ሊሆነው! እግሩ እስኪቃጠል ሄደ። ከታክሲ መዞሪያው ጎን ያለው ሱቅ ተዘግቷል። ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ ያለው ክፍት ነው፣ ሻጩ ግን የሚሸጠው የአገር ውስጥ ብቻ ነው። ገበያ ውስጥ አንዱ ካርድ አለኝ ብሎ አስቁሞት፣ ሲፋቅ ያለቀበት ሆኖ ተገኘ። ልብስ ሰፊው በሕይወቱ ሰው ሰድቦ አያውቅም፤ ያንን ሰውዬ ግን ከነዘር ማንዘሩ ሰድቦት ሄደ። ላቡ ጠብ ጠብ እያለ ወደ ባለ ስልኳ ሲመለስ አምስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። እህቱም አንዱን ጫማ የሷን አንዱን የሱን አድርጋ እዚያው ቆማለች።

 ባለ ስልኳ መሳቢያዋን ገለባብጣ አንድ ብጣሽ ካርድ አወጣች። "ይቺ ለሙከራ በነፃ የሚሰጡን ናት። አንድ ደቂቃ ብቻ ናት ጋሼ። እና ይስሙኝ፦ ሰላምታውን ይተዉት። ፍሬ ነገሩን ይናገሩ፣ በቃ።"

"ያለ ሰላምታ?" አለች እህቱ፣ ነውር እንደሰማች።

"እትዬ፣ እርስዎ ዛሬ ዝም ይበሉ!"

ልብስ ሰፊው ቃሉን በሹክሹክታ ተለማመደ። አትፈርሚ፣ ነይ። አትፈርሚ፣ ነይ። ቁጥሩን ተጫነ። ሁለት ጊዜ ተሳሳተ፣ በሦስተኛው ጠራ።

"ሄሎ? አባዬ?"

"አትፈርሚ። ነይ።"

ደገመላት።

"ሰምተሽኛል? ነይ ነው የምልሽ። ዛሬ ነገ ሳትዪ ተነሺ።"

"አባዬ..." ድምፅዋ ተለወጠ። "ማን ሞተ?"

"ምን?"

"ማን ሞተ? ሰላም እንኳ አላልከኝም! አክስቴ ናት አይደል? ጠዋት አነጋግራኝ... ምን ሆነች? አክስቴን! ወይኔ አክስቴን!"

"ኧረ ማንም... ኧረ ልጄ..."

ያንን ጩኸት ይዞ መስመሩ ተቆረጠ።

ሦስቱም ክው አሉ። ከሁሉ ቀድማ ነፍስ የዘራችው እህቱ ናት። "ገደልከኝ እኮ!" አለች ደረቷን እየመታች። "በቁሜ ገደልከኝ! ልጅቷ ከፎቅ ትውደቅ እንዴ? እኔ ምን አልኩ? ያለ ሰላምታ ምን ይባላል? እኔ ምን አልኩ?"

 የወንድሟ ፊት አመድ ሆኗል። ባለ ስልኳ ጥፋቱ የኔ ነው እያለች መሳቢያውን እንደገና ትበረብራለች፤ የለም። በቀጥታው መስመር ቢሞክር "ሒሳብዎ አይበቃም" አለው። ከሱቁ ይወጣል፣ ይገባል። ይቀመጣል፣ ይነሳል። ትፈርም! አለ በልቡ። አራት ዓመት ትፈርም፣ ብቻ አሁን በረንዳው ጠርዝ ላይ አትቁም። አምስት ሰዓት ከአርባ ሆነ።

ስልኩ ጮኸ። ረጅም የውጭ ቁጥር ነው።

"ልጄ! ማንም አልሞተም! ስሚኝ፣ ማንም አልሞተም!"

"አባዬ አትጮህ" አለች በሹክሹክታ። ታለቅሳለች። "ማንም?"

"ማንም! አክስትሽ ይቺውና እየሰደበችኝ ነው!"

"አለሁ የኔ እናት!" ብላ እህቱ ስልኩን ነጠቀች። "አለሁልሽ! እንዴት ነሽ? ደህና..."

ባለ ስልኳ ስልኩን ከእጇ ፈልቅቃ ለአባት መለሰች። በዚያኛው ጫፍ ልጅቷ ትንፋሿን ስትሰበስብ ይሰማል።  ከዚያ እሱ የማያውቀው፣ ቀዝቃዛና ቆፍጠን ያለ ድምፅ አወጣች።

"እንግዲያው አክስቴ ሞታለች በሉ።"

"ምን?"

"ስጮህ እመቤቴ ሮጣ መጣች። እናቴን የምትተካው አክስቴ ሞተች አልኳት። ደንግጣ ይህን ካርድ ሞላችልኝ፣ ቤተሰብሽን አነጋግሪ ብላ። ትሂድ፣ ፓስፖርቷን እሰጣታለሁ ብላለች አባዬ። ግን ከአባቷ አፍ ልስማ አለች። አሁን ትደውልልሃለች።"

"ፓስፖርትሽ እሷ ዘንድ ምን ይሠራል?"

"የመጣሁ ቀን ነው የወሰደችው። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ከበር ወጥቼም አላውቅ፤ ስትወጣ ቆልፋብኝ ነው። ወረቀቱን ብፈርም ባልፈርም ለሷ ያው ነው፣ እንድፈርም የፈለገችው ለሕጉ ብላ ነው። ነይ ብትሉኝ እንኳ በምን እንደምመጣ አላውቅም ነበር።"

"ደህና ነኝ ትይ አልነበር?" አለ። የባለ ስልኳ በርጩማ ላይ ቁጭ አለ። "ጠዋትም ደህና ነኝ አልሽ።"

"ደህና ነሽ ብላችሁ ስትጠይቁኝ ምን ልበላችሁ? በዘጠኝ ደቂቃ የቱን ልንገራችሁ?" አፏን ያዘች መሰል፣ ድምፅዋ ታፈነ። "መጣች። አባዬ፣ የኛን ቋንቋ አትሰማም። ዝም ብለህ አልቅስላት። በማርያም አልቅስላት።"

ስልኩ ተዘጋ።

"ምን አለች?" አለች እህቱ። ነገራት። አንድ ቃል አላጓደለም። ሬዲዮ የተባለችው ሴትዮ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ከፍታ ዝም አለች። ከዚያ "ልሙታ!" አለች። "ምን ቸገረኝ! ገና ድሮ ብሞትስ!"

ልብስ ሰፊው ግን አልቅሶ አያውቅም። ሚስቱ ስትቀበር እንኳ ድርቅ ብሎ ነው የቆመው፤ ሰው አንጀተ ደረቅ ብሎ አምቶታል። "አልችልም" አለ። "እንዴት ነው የሚለቀሰው?"

"ጋሼ፣ ሽንኩርት ላምጣ?" አለች ባለ ስልኳ፣ ከልቧ ነው። እህቱ ክንዱን ቆነጠጠችው። ቆነጠጠችው፣ አመመው፣ እንባ ግን የለም። ስልኩ ጮኸ።

አነሳው። አንዲት ሴት በማይገባው ቋንቋ ቀስ ብላ ተናገረች። ክፉ ድምፅ ትኖራታለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ እንደማንኛውም ሴት ናት፣ እንዲያውም የምታዝን ትመስላለች። የሆነ ነገር ጠየቀችው። ልብስ ሰፊው አፉን ከፈተ። ያሰበው "ወይኔ እህቴን" ሊል ነው፤ የወጣው ግን "ልጄን" ነው። "ልጄን" አለ እንደገና። ሁለት ዓመት ሙሉ ደህና ነሽ ብሎ ጠይቆ ደህና ነኝ ስትለው፣ ተመስገን ብሎ ወደ ሱሪው ሲመለስ የኖረ ሰው፣ የተቆለፈውን በር አሁን አየው።  አለቀሰ። ያምራል አይባልም፤ እየተንሰቀሰቀ፣ ንፍጡ እየወረደ፣ በርጩማው ከስሩ እየተንገጫገጨ አለቀሰ። መንገደኛ ቆሞ አየው። እህቱም አልቻለችም፣ ጩኸቷን ልትለቀው ስትል ባለ ስልኳ ዘልላ አፏን በመዳፏ ከደነችው።

"እትዬ፣ እርስዎ እኮ ሞተዋል!"

 በስልኩ ውስጥ የእመቤቷ ትንፋሽ ይሰማል። ከዚያ ኮቴ፣ የመሳቢያ ድምፅ፣ ሁለት ሦስት ቃል፣ ቀጥሎ የልጅቷ ድምፅ።

"አባዬ፣ ሰጠችኝ። እጄ ላይ ነው።"

እሱ ያለቅሳል።

"አባዬ፣ ይበቃል፤ ሄዳለች እኮ። ብቻዬን ነኝ። አባዬ?"

ሰምቷታል። ማቆም ግን አልቻለም።