ሳይሰጥ የተመሰገነ

ጀይሉን እብድ ነው ያላለ ሰው ጓንግ ዳር አልነበረም። እናቱ እማማ አሰበች እንኳ ብለዋል፤ ያውም በየቀኑ።

ታዲያ ምን ይበሉ? ጓንግ ክረምት ላይ ሞልቶ፣ ከደጋው ግንዱንም አጥሩንም የሞተ ከብቱንም እያግበሰበሰ ሲወርድ፣ ጤነኛ ሰው ዳር ቆሞ ያያል። ጀይሉ ግን ከተሰበረ የጭነት መኪና ስፖንዳ ያወጣውን ሳንቃ በብብቱ ሸጉጦ ሰተት ብሎ ይገባል።

ከመሻገሪያው ትንሽ ዝቅ ብሎ ወንዙ ይታጠፍና ይጠባል። በወዲያ በኩል ድንጋይ ነው። በወዲህ በኩል ሥራቸው እርስ በርሱ ተጠላልፎ ዳሩን አንቀው የያዙ ትልልቅ ሾላዎች አሉ። ውሃው እዚያ ሲደርስ መሄጃ ያጣና ከሥር ባለው አለት ተገፍቶ ጉብ ይላል። ሌላው ውሃ ሁሉ ወደ ሱዳን ሲነጉድ ያ ጉብታ ቦታውን አይለቅም፤ ክረምቱን ሙሉ እዚያው ሲፈላ ይከርማል። ጀይሉ ሳንቃውን እሱ ላይ ያስተኛና መጀመሪያ በሆዱ ይተኛል፤ ከዚያ በጉልበቱ ይንበረከካል፤ ከዚያ፣ እናንተዬ፣ ይቆማል! ወንዙ ከእግሩ ሥር ይሮጣል፣ እሱ እዚያው ነው።

አንድ ቀን ከጋላባት የመጣ ሹፌር ይህን አይቶ አፉን ያዘ። «ያ ዞል! አንተ ሰው! እኔ ይሄንን ፖርት ሱዳን በቴሌቪዥን አይቻለሁ። ነጮች ናቸው፣ ባሕር ላይ ነው፤ ደግሞ ለዚሁ ይከፈላቸዋል» አለ።

እማማ አሰበች ከዳሳቸው ሆነው ሰሙት። «ለኔውስ ማን ይከፍለዋል? ጓንግ?» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ዳሳቸው ከሾላዎቹ ሥር ነው። ለአረምና ለአጨዳ ከጎጃምም ከወሎም የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ ቆላው «ሳሉግ» የሚለው፣ ከመሻገሩ በፊት እዚያ ያርፋል። ሻይ ይጠጣል፣ የቀዘቀዘ ከርከዴ ይጠጣል። ወባ የጣለው እዚያው ጥላው ላይ ተኝቶ ይታመማል፤ እማማ አሰበች ውሃ ያቀብሉታል። ያ ጥላ ባይኖር ኖሮ ስንቱ እንደወጣ በቀረ! በዚያ አገር ፀሐይ ቀልድ አታውቅም።

ጀይሉን ዘፋኝ ያደረገው ያው ውሃ ነው። ጉብታው ላይ ለመቆም የሚያስፈልገው ጉልበት ሳይሆን ጆሮ ነው። ውሃው ያብጣል፣ ይጎድላል፣ ደግሞ ያብጣል። ያንን ሰምቶ ጉልበቱን በልኩ ያላጠፈ ወደ ታች ነው። እና ያ ምት እግሩ ውስጥ ቀረ። ሻይ ሲጠጣ በጣቱ ብርጭቆውን ይመታዋል፤ ሰው ሲያናግረው ጭኑን ይመታል።

መተማ ዮሐንስ ላይ ካሴትና ባትሪ የሚሸጡ ሐጂ በሽር የሚባሉ ነጋዴ ነበሩ። ጀይሉ ባትሪ ሊገዛ ገብቶ የሱቃቸውን ጠረጴዛ ሲደበድብ፣ ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው ተዉት።

«ይሄ ምት የማን ነው?» አሉት።

«የጓንግ ነው ሐጂ።»

«ወላሂ ሰምቼው አላውቅም» ብለው ከግድግዳው ላይ ጠምቡር የሚሉትን የሱዳን ክራር አወረዱለት። «አቧራ ከሚበላው አንተ ተጫወትበት። ካበላሸኸው ግን እዚህ ሰፈር እንዳላይህ!»

አላበላሸውም። ማታ ማታ ለሳሉጎቹ ይጫወት ጀመር፤ ዓመት ሳይሞላ ከገንዳ ውሃ እስከ አብደራፊ ያለ ጀይሉ ሠርግ የማይደምቅ ሆነ።

አሁን የቆላውን ደንብ ልንገራችሁ። ዘፋኝ በስምህ ሲያሞግስህ ብድግ ብለህ ግንባሩ ላይ ብር ትለጥፋለህ። ይሄ የትም አለ። እዚህ የሚብሰው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ የተባልከውን ሆነህ መገኘት አለብህ። ቸር ነው ከተባልክ ደጅህን መዝጋት የለም። ጀግና ነው ከተባልክ ከጠብ ወደ ኋላ ማለት የለም። ምክንያቱም ሳሉጉ ግጥሙን ይዞት ከእርሻ እርሻ ይዞራል፤ አንተ አብርሃ ጅራ ሳትደርስ ሙገሳህ ቀድሞህ ደርሶ ይጠብቅሃል።

ጀይሉ ጣጣ ውስጥ የገባው በዚህ ነው። ዘጠናዎቹ ገና ሲብቱ፣ ሰሊጥ ዋጋ ባወጣበት ዓመት፣ ከጎንደር መጥተው ሰፊ እርሻ የያዙት አቶ አስማረ የአጨዳ መጨረሻ ድግስ ጠሩት። እሳቸው ጫካ መንጥረው አይጠግቡም ነበርና ጀይሉ ያገኘውን አነሣ፦

አስማረ ሲነሣ ፀሐይ ግራ ገባት፣
ጥላ ምትጥልበት አንድ ዛፍ ጠፋባት!

ዳሱ ተነቃነቀ። አቶ አስማረ ብር ለጠፉ፣ ጠመንጃ ተኮሱ፣ ጀይሉን አቅፈው ሳሙት። ግጥሚቱ በዚያው ወጣች። በሚቀጥለው አጨዳ ሳሉጎቹ እሷን እየዘፈኑ ሲያጭዱ አንዱ ቀልደኛ ቀና አለና፣ «ጋሼ፣ ፀሐይቱ እኮ አንድ ዛፍ አግኝታለች!» አለ። እውነቱን ነው፤ የትራክተር ሹፌሮች ምሳ የሚበሉባት አንዲት አረዲብ እርሻው መሀል ቀርታ ነበር። በማግስቱ አረዲቧ በሰንሰለት ተጎትታ ተነቀለች። ሹፌሮቹ ከዚያ ወዲያ ምሳቸውን ትራክተር ሥር ተጋድመው ይበሉ ጀመር።

ጀይሉ ይህን ሲሰማ አፉን ረገመ። ግን ምን ያድርግ? ግጥም ከአፍ ከወጣ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ነው የባሰው የመጣው። አቶ አስማረ እርሻቸውን እስከ ጓንግ አስፋፉ። በታኅሣሥ አንድ ጧት ጀይሉ ወደ መሻገሪያው ሲወርድ ሾላዎቹ ወገባቸው ላይ ቀይ ቀለም ተቀብተው አገኛቸው። የሚነቀል ዛፍ ምልክት ነው። እማማ አሰበች ከዳሳቸው ደጅ ቁጭ ብለዋል፤ ምድጃው አልተቀጣጠለም።

«ልጄ፣ እኛስ እሺ ሌላ ቦታ እንሄዳለን» አሉት። «ይሄ የታመመው ሁሉ ወዴት ይሂድ?»

ጀይሉ ያን ቀን ስለ እናቱም፣ ስለ ሳሉጉም፣ እውነቱን ለመናገር ስለ ጉብታውም አለቀሰ። ዳሩን የያዙት ሾላዎች ናቸው። እነሱ ሲነሡ ዳሩ ይናዳል፣ ወንዙ ይሰፋል፣ ጉብታው ይሞታል። ዘፈን ያስተማረው ውሃ አይኖርም። ዕንባውን ጠራርጎ በቀጥታ ገንዳ ውሃ ወጣ፤ አቶ አስማረ ቤት።

«ጋሼ፣ ይማሩኝ፤ እነዚያን ሾላዎች ይተዉልኝ።»

አቶ አስማረ ሳቁ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ስማቸውን የሚወዱ ሰው ነበሩ እንጂ። «አንተው አይደለህ የዘፈንከው? አስማረ ሾላ ሲያይ ፈራ ልባል? አገር ምን ይለኛል!»

«ጋሼ፣ እሱ እኮ ጨዋታ ነበር።»

«ለኔ ጨዋታ አይደለም። በል ስማ፣ በጥር ልጄን ሃይማኖትን እድራለሁ። መጥተህ ያችኑ ትዘፍንልኛለህ። የሠርጉ ማግስት ትራክተሩ ይወርዳል።»

ጀይሉ እግሩ ወደመራው ሲሄድ ሐጂ በሽር ሱቅ ራሱን አገኘው። የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። ሐጂ ራዲዮናቸውን ዘጉ።

«ሰውየውን በምን አሰርከው?» አሉት።

«በግጥም።»

«ታዲያ በልመና ልትፈታው ሄድክ? አንተ ውሃ ላይ ትቆማለህ ሲሉ እሰማለሁ። ውሃውን እየለመንክ ነው የምትቆመው?»

ጀይሉ ቀና ብሎ አያቸው። ጠምቡሩን ከትከሻው አወረደና እዚያው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ሐጂ ለደንበኛ ሁሉ «ቀስ በሉ፣ ሥራ ላይ ነው» ሲሉ ዋሉ።

ሠርጉ ደረሰ። የአቶ አስማረ ግቢ በድንኳን ተሸፍኗል። ከአብደራፊ፣ ከአብርሃ ጅራ፣ ከጎንደር የመጡ ባለእርሻዎች ፊት ፊቱን ይዘዋል፤ ነጋዴዎቹ ቀጥለው፤ ሳሉጎቹ ከበሩ አካባቢ ተደርድረው ይበላሉ። ጀይሉ ክሩን ደጋግሞ ይቃኛል። ሐጂ ሱቅ የሠራው ግጥም ቢያጣላስ? ቢያስደበድብስ? ያም ይሁን፣ ዛሬ ካልሆነ ነገ ሾላ የለም።

«ጀይሉ!» አሉ አቶ አስማረ ካባቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው። «በል ያችን!»

ጀይሉ የጓንግን ምት ጀመረ። ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው ማጨብጨብ ያዘ። አቶ አስማረ ብሩን አውጥተው ጠበቁ። እሱም ዓይኑን ጨፍኖ አዲሱን ለቀቀው፦

የሾላው ጥላ ሥር ያረፍክ መንገደኛ፣
አስማረን መርቅልን፣ ይቆይልን ለኛ።
ሰሊጥ ሲያማልለው ትራክተር አቁሞ፣
ጥላ አወረሰን ከልጆቹ ቀድሞ!

ጭብጨባው ቆመ። አቶ አስማረ ብራቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ጀይሉ ግን ደገመው።

ከበሩ አካባቢ አንድ የጎጃም ሰው፣ ፀጉሩ የሸበተ ሳሉግ፣ እንጀራውን አስቀምጦ ተነሣ። እያነከሰ ድንኳኑን አቋርጦ አቶ አስማረ ጉልበት ላይ ወደቀ። «ጌታዬ፣ እግዜር ይስጥልን! እኔ ወባ ጥሎኝ በነፍስ የተረፍሁት እዚያ ሾላ ሥር ነው። ቀለም ተቀባ ሲሉኝ አልቅሼ ነበር።» ከኋላው ሌሎቹም ተነሡ። ሴቶቹ እልልታቸውን አቀለጡት። ሙሽራዋ ሃይማኖት ደግሞ ቬሏን ሰብስባ መጣችና አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«አባዬ፣ እውነት ተውከው? ለኔ ሠርግ ብለህ ነው?»

አሁን ይሄ ሰው ምን ይበል? «ኧረ ውሸት ነው» ይበላት? በሠርጓ ቀን? ያን ሁሉ ባለእርሻ አስቀምጦ? አቶ አስማረ ልጃቸውን አዩ፣ ጉልበታቸው ላይ ያለውን ሽማግሌ አዩ፣ መጨረሻ ላይ ጀይሉን አዩት። ያን አስተያየት አያሳያችሁ። ከዚያ ወደፊት ተራምደው ብሩን ግንባሩ ላይ ለጠፉት። ለጠፉት ይባል እንጂ ጥፊ ነው፤ ጀይሉ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄዷል።

«ዛፍ ነው እኮ!» አሉ ወደ ሰው ዞረው። «ለዛፍ ነው ይሄ ሁሉ?» ሰውም ከትሕትና ቆጠረውና እልልታው ባሰበት።

ትንሽ ቆይተው ከድንኳኑ ጀርባ በክንዱ ጎተቱት። «አንተ ሌባ! መቼ ነው የሰጠሁህ?»

«አሁን ነው ጋሼ። ልጅዎ ስታቅፍዎት።»

«ነገ ትራክተሩን ባወርድስ?»

«መሬቱ የእርስዎ ነው ጋሼ፣ ይችላሉ። እኔ ግን ግጥሙን ልመልሰው አልችልም።»

ከአጥሩ ውጭ ሳሉጎቹ ተቀባብለው ሲዘፍኑት ይሰማል። «ከልጆቹ ቀድሞ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ይጮሃሉ። አቶ አስማረ ትንሽ አዳመጡ። ከዚያ ወደ እንግዶቻቸው ገቡ።

በማግስቱ ጧት ጀይሉና እናቱ ሾላዎቹ ሥር ቁጭ ብለው መንገድ መንገዱን ያያሉ። ረፋዱ ላይ አቧራው ተነሣ። ትራክተሩ ነው። እማማ አሰበች ተነሥተው ትልቁን ሾላ ተደገፉ፤ ጀይሉ ከፊታቸው ቆመ። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፤ ሰንሰለት ያወጣል ብለው ሲጠብቁ፣ ናፍታ የነከረ ጨርቅ ይዞ መጣ።

«ቀለሙን አጥበህ ና ብለውኛል» አለ ሹፌሩ እየሳቀ። «ደግሞ ሻይ ካለ አልጠላም።»

እማማ አሰበች አለቀሱ፣ ሳቁ፣ ምድጃውን አቀጣጠሉ። ከሹፌሩ የሻይ አልተቀበሉም።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም፤ ባለእርሻ ባለእርሻን መች ያስቀድማል! ወር ሳይሞላ አቶ አገኘሁ የሚባሉ የአብደራፊ ሰው ጀይሉን አስጠሩት። «አስማረን እንዲያ ካልክ እኔን ምን ልትለኝ ነው?»

«ዛፍ አለዎት ጋሼ?»

«ሁለት ዲዛ አለኝ። ልነቅላቸው ነበር።»

«አይንቀሏቸዋ! ምን ቸገረን፣ እዘፍንልዎታለሁ።»

ሁሉን መንጥሮ የጨረሰው ደግሞ «እኔስ?» ብሎ ሲመጣ፣ «ይትከሉ» ይለዋል። ችግኙን እማማ አሰበች መሻገሪያው ዳር አፈሉ፤ ለላስቲኩ፣ ለአፈሩና ለአጥሩ የሚሆነው ጀይሉ ግንባር ላይ ከሚለጠፈው ነው። ከደገሰው ሁሉ ጋር ችግኝ ጭኖ ይሄዳል፤ ካልተከሉ አይዘፍንም። አንዳንዱ ይደርቃል፣ አንዳንዱን ፍየል ይበላዋል። የቀረው ግን ቀረ፤ ዛሬ ትራክተር ሹፌሮች ምሳቸውን ጥላ ሥር የሚበሉበት እርሻ ብዙ ነው።

ከዓመታት በኋላ ከወሎ አዲስ የመጡ ሳሉጎች አቶ አስማረ እርሻ ላይ ያችን የድሮዋን ግጥም አነሷት፤ ፀሐይ ግራ የገባትን። አቶ አስማረ፣ አሁን በከዘራ የሚሄዱ፣ ከመኪናቸው ወርደው ጮኹ። «ዝጉ! ያን አስማረ ቀብረነዋል! ያችን የሚዘፍን ከእርሻዬ ይውጣልኝ!»

ያን ክረምት ጓንግ አፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ጀይሉ፣ ጎልማሳው ጀይሉ፣ ሳንቃውን ይዞ ገባና ጉብታው ላይ ቆመ። አቶ አስማረ ሾላው ሥር ከርከዴያቸውን ይዘው ለእንግዶቻቸው ያወራሉ። «ይሄን ዳር እኔ ገና መሬቱን ስይዘው ነው ለጥላ ይሁን ብዬ የተውኩት። ሰው ግን አያምነኝም። ጀይሉ! እንዲያ አይደለም እንዴ?»

ጀይሉ ጉልበቱን እንዳጠፈ ከውሃው መሀል ጮኸ።

«እንዲያ ነው ጋሼ! እኔ ነኝ ዘግይቼ የዘፈንኩት!»