ማስቲሽ ያሳደገው ጭንቅላት

«እናቴ እኔን አርግዛ ማስቲሽ ስትቀባ ነው የዋለችው፤ ይኸው ጭንቅላቴ ምላጭ!» ትል ነበር ልጅቷ አገጯን ቀና አድርጋ። ጫማ ቤቱ በሙሉ «ምላጭ» አላት፤ ግማሹ ለአድናቆት፣ ግማሹ ለሽሙጥ። እሷ እንደሆነች ሁለቱንም እንደ ምርቃት ተቀበለችው። ማባዛት አልገባ ብሏት ትምህርት ያቋረጠችውም መምህሯ ሰነፍ ስለነበረ ነው ባይ ናት።

ምላጭና ታላቅ እህቷ አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ሶል ይለጥፋሉ። ማስቲሹ በብሩሽ ይቀባል፣ ጠፈፍ እስኪል ይጠበቃል፣ ከዚያ ሶሉ ተጭኖ በመዶሻ ይመታል። አቧራ ካረፈበት አይይዝምና መስኮት ይዘጋል። ጠዋት ሽታው አናት ይበሳል። ረፋዱ ላይ አፍንጫ ሲለምደው ምላጭ «ተመስገን፣ ሽታው ሄደ» ትላለች። በየት በኩል እንደሄደ እንጃ፤ በሩም መስኮቱም ዝግ ነው።

እህቷ አርግዛ ጤና ጣቢያ ለክትትል ስትሄድ አዋላጇ ሥራዋን ጠየቀቻት፤ ሰምታም ፊቷ ከበደ።

«ጽንሱን ምን ያህል እንደሚጎዳው አላውቅም» አለቻት። «ብዙው ኬሚካል በደንብ አልተጠናም። የልጅ አእምሮ ሆድ ውስጥ እንዴት እንደሚያድግ ራሱ ገና ተጠንቶ አላለቀም። ካልታወቀ ነገር ደግሞ መራቅ ይሻላል።»

አሠሪውም ክፉ አልነበረም፤ ከፈለግሽ ማሸጊያ ክፍል ግቢ አላት። እሺ ልትል አፏን ስትከፍት ምላጭ ቀደመቻት።

«አላውቅም ያለችሽን ሴትዮ ትሰሚያለሽ?»

«ልጄን ቢጎዳብኝስ?»

«እኔን ምን አደረገኝ? እይኝ እስቲ! ደግሞ ትተሽኝ ስትሄጂ ከማን ጋር ላውራ፣ ከመዶሻው ጋር?»

እህት ሳቀች። ያ ሳቅ ነው ያስቀራት። ከጠረጴዛው ሳትነሳ ወሯ ገባ።

ልጁ ዓይኑ የጎላ፣ መልኩ ያማረ ሆኖ ተወለደ። ምላጭ «አላልኩሽም?» ብላ ጨፈረች። እየዋለ እያደረ ግን እኩዮቹ ሲራመዱ እሱ ተቀምጦ ቀረ። እኩዮቹ እናታቸውን ሲጣሩ እሱ ዝም። ጆሮው ቢታይ ደህና፤ እግሩ ቢታይ ደህና።

በመጨረሻ ያየው ሐኪም እንዲህ አለ። «የአእምሮው እድገት ወደኋላ ቀርቷል። ከማስቲሹ ነው ለማለት ማስረጃ የለኝም። አይደለም ለማለትም የለኝም።»

ወደ ቤት ሲመለሱ እህት ልጇን አዝላ ትንፍሽ አላለችም። ለምላጭ ደግሞ ከስድብ ዝምታ ይብስባታል።

«ሰማሽው አይደል እትዬ? ከማስቲሹ ነው አላለም።»

እህቷ እርምጃዋን ፈጠን አደረገች።

«ከሱ ቢሆን ኖሮ እኔን ይምረኝ ነበር? እኔም እኮ እዚያው ሽታ ውስጥ ነው የተፈጠርኩት። ይኸው ደህና ነኝ!»

እህቷ ቆመች። የሚንሸራተተውን ልጅ ወደ ላይ ገፋ አድርጋ አስተካከለችና ምላጭን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«አንቺስ ደህና ነሽ ያለሽ ማነው?»