አልጋ ላይ የተጻፈ ቁጥር

ልደት የጎባ ልጅ ናት። ለሁለተኛ ዲግሪዋ ሮቤ ክፍል ተከራይታ የምታጠናው፣ በረግረግ ፊላ ውስጥ ጎጆዋን የምትሠራ፣ እፍኝ የማትሞላ ቡናማ ወፍ ነበር። ወፏ ስንት ጫጩት እንደምታሳድግ፣ ምን እንደምትመግባቸው፣ በሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትመላለስ በየማለዳው ተቀምጣ መመዝገብ ነበረባት።

ፊላው የበቀለው በኦቦ ወዚር ማሳ ጫፍ፣ ወንዙ ዳር ነው። ሽማግሌው በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ እያጨዱ ማድቤታቸውን ይከድኑበታል። ልደት ጫጩቶቹ እስኪበሩ እንዲታገሧት ለመነቻቸው። ባለቤታቸው መሪየም ጣሪያው ማፍሰስ መጀመሩን ቢናገሩም፣ ሽማግሌው እሺ አሏት። እዚያ ያገኘችው አንድ ጎጆ ነው፤ ሦስት ጫጩቶች ነበሩበት።

ሰኞ ማታ የጀመረው ዝናብ ሳያባራ አደረ። ማክሰኞ ማለዳ ልደት ብርዱን ፈርታ ብርድ ልብሷን ተከናንባ ቀረች። ረቡዕም እንዲሁ። ወላጆቹ ስንት ጊዜ እንደሚመላለሱ ለምዳዋለች፤ ስለዚህ አልጋዋ ላይ ሆና ቅጹን ሞላችው። ማክሰኞ አሥራ አንድ፣ ረቡዕ ዘጠኝ። እውነት እንዲመስልም «ሸረሪት፣ አባጨጓሬ፣ አንዴ የውሃ ተርብ» ብላ ጨመረችበት።

ሐሙስ ስትሄድ ኦቦ ወዚርን ረግረጉ ዳር ቆመው አገኘቻቸው። ሰኞ ሌሊት ወንዙ ሞልቶ ጎጆውን ከነጫጩቶቹ እንደወሰደው ነገሯት። በማግስቱ እናቲቱ ትል በአፏ ይዛ ባዶው ፊላ ላይ ስትዞር አይተዋል።

«እንድታዪያት ብዬ እስከ ረፋድ ጠበቅኩሽ» አሏት።

ቀንና ቁጥር ያነባሉና በእጇ የያዘችውን ቅጽ ተመልክተው የማክሰኞው አሥራ አንድ ምን እንደሆነ ጠየቋት።

«የሌላ ጎጆ ነው» አለች። «ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ፤ ለዚያ ነው ያላዩኝ።»

የሽማግሌው ፊት በራ። «ለካ የተረፉም አሉ» አሉ። ፊላውን ሊያጭዱ ማጭድ ስለው መጥተው ነበር፤ ማጭዱን እንደያዙ ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ዘነበ። በዘነበ ቁጥር የመሪየም ማድቤት ይታያታል። እሑድ ቅዳሴው ሳያልቅ ወጥታ በባጃጅ ወደ ኦቦ ወዚር ሄደች።

መሪየም ከጣሪያው ለሚንጠባጠበው ውሃ ድስት ደቅነዋል። ልደት ቀና ብላ ማየት አልቻለችም።

«ኦቦ ወዚር፣ ሌላ ጎጆ የለም። ማክሰኞም ረቡዕም አልመጣሁም። የጻፍኩት ከራሴ ነው።»

አማርኛው ያልገባቸው መሪየም ምን እንዳለች በኦሮምኛ ጠየቁ። ልደት ራሷ በኦሮምኛ ደገመችው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ባሰባት።

«ልጄ፣ በርዶኛል ብትዪኝ እኔ እቆጥርልሽ ነበር» አሉ ሽማግሌው በመጨረሻ፤ ተነሥተውም ማጭዳቸውን አወረዱ። ያጨዱትን ፊላ ነዶ ልሸከም ስትላቸው አልከለከሏትም፤ ግን መንገዱን ሁሉ ቀድመዋት ሄዱ።

ሰኞ ለአማካሪዋ ለዶክተር ፍቅረሥላሴ ነገረቻቸው። የትኛው ቀን እውነት እንደሆነ ማወቅ ስለማይቻል የዚያን ወቅት መዝገብ በሙሉ አስጣሏት።

በዓመቱ እንደገና ፈቃድ ልትጠይቅ ስትመጣ፣ ኦቦ ወዚር የእናቷን ደኅንነት ጠይቀው እሺ አሏት። አሁን በየማለዳው መጥተው ከእሷ ራቅ ብለው ይቀመጣሉ። እሷ ስትቆጥር እሳቸውም ይቆጥራሉ፤ ስትነሣ ስንት እንዳገኘች ይጠይቋታል። እስካሁን ቁጥራቸው አንድም ቀን አልተለያየም። እሷ ግን መልሱን የምትሰጠው መሬት መሬት እያየች ነው።