ማነጻጸሪያዋ ኮከብ

ሰዓት ሠሪው አንዲት ኮከብ ሲጠብቅ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። ሰፈርተኛው ለይቶለታል ብሎ ተወው፤ ይበል፣ ሰውዬው ግን የሚሠራውን ያውቅ ነበር። ኮከቢቱ አንዴ ትደምቃለች፣ አንዴ ትደበዝዛለች። እሱ ጣሪያው ላይ ወጥቶ በቴሌስኮፕ አጠገቧ ካለችው፣ አትለወጥም ከምትባለው ኮከብ ጋር እያነጻጸረ ብርሃኗን በደብተር ይመዘግባል።

ከነዚያ ሌሊቶች በአንዱ ታማ የተኛችው ሚስቱ ታች አልጋዋ ላይ ብቻዋን አረፈች። «ሰማዩ ጠርቷል፣ ውጣ» ያለችው ራሷ ናት። ብትልስ? ታማሚ ጥሎ ይወጣል? ሴት ልጁ ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ ከእግዜር ሰላምታ በቀር አላነጋገረችውም። እሱም «ለከንቱ አልወጣሁም» እያለ ራሱን ሲደልል ኖረ። ሌላ ምን መጽናኛ አለው?

የመዝገቡን ግልባጭ የላከለት የከዋክብት ምርምር ጣቢያ ዛሬ ጠራው። ደብተሮቹ ስለከበዱት ልጁ ፊቷን አጥቁራ ተሸክማለት መጣች። ተመራማሪዋ ወንበር ሳበችለት፤ ዓይኑን ማየት ግን አቃታት።

«አባባ፣ እጅዎ እንከን የለውም። ችግሩ ማነጻጸሪያዋ ናት። እሷም ራሷ ስትለዋወጥ ኖራለች፤ እኛም ያወቅነው ዘንድሮ በሳተላይት ነው። ሁለተኛ ማነጻጸሪያ አልያዙም?»

«ሁለተኛዋን የጎረቤት የውሃ ታንከር ይጋርድብኛል» አለ። «አንዷ ትበቃኛለች ብዬ ነው። አስልቶ ማረም አይቻልም?»

«መለዋወጧ ሥርዓት የለውም፣ አባባ። መዝገቡን ልንጠቀምበት አንችልም።»

የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልፋት ውሃ በላው። አንድ ታንከር እኮ ነው! ጣሪያው ላይ አምስት እርምጃ ፈቀቅ ቢል ኖሮ። ደብተሮቹን መሰብሰብ ጀመረ።

ልጁ እጁን ያዘችው። አንዱን ደብተር ከእጁ ወስዳ ገለጠች፣ ገለጠች፤ እናቷ ያረፈችበት ሌሊት ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ይቺን ሌሊት ብቻ» አለች ለተመራማሪዋ፣ ድምጿ እየተቆራረጠ። «ሌላው ይቅር። ይቺን አንዷን ያዙለት፣ በእናትሽ።»

ተመራማሪዋ አንገቷን ደፋች።

ስድስት ዓመት ኩርፊያዋን ችሎ ኖሯል፤ ልመናዋን ግን አልቻለም። «ተይ ልጄ፣ ተይ» አለ፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ በሰው ፊት አለቀሰ።