ቀኝ ጆሮ

ፔይዩን የአይጦቹን ተንከባካቢ፣ ሽማግሌውን ኩንን በክፉ ዓይን ማየት የጀመረችው የዶክትሬት ሙከራዋ እንቢ ሲላት ነው። ታይናን ከተማ ውስጥ ባለው ቤተ ሙከራ በየሳጥኑ ሁለት እህትማማች አይጦች አሉ። የማኅጸን ጫፍ ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ ቁራጭ በአንደኛዋ ዘረመል ውስጥ ገብቷል፤ በሌላዋ ውስጥ የለም። ቫይረሱ ምላስ ላይም ዕባጭ ያወጣ እንደሆነ ነው የሚጠናው። መለያቸው ጆሯቸው ነው፦ የአንዷ ቀኙ፣ የሌላዋ ግራው ይበሳል፤ ከጅራታቸው ተቆርጦ ቫይረሱ የትኛዋ ላይ እንዳለ ለሚለየው ምርመራ የሚላከውም በዚያው መለያ ነው። ዘንድሮ የበሳችውም የቆረጠችውም ፔይዩን ራሷ ናት። ምላሳቸውን በየሳምንቱ እያየ የሚመዘግበው ደግሞ ኩን ነው።

መዝገቡ ታዲያ ዕባጭ በታየባቸው በሰባቱም ሳጥኖች ውስጥ ዕባጩን ቫይረሱ በሌለባቸው ላይ አበቀለው።

ኩን በወሩ አንደኛና አሥራ አምስተኛ ቀን ሥጋ የማይቀምስ፣ ለጽድቅ ብሎ ዓሣ ገዝቶ ወንዝ ውስጥ የሚለቅ ሰው ነው። ቫይረሱም ዕባጩም ያለባቸው አይጦች በወሩ መጨረሻ ይገደላሉ። ሊያተርፋቸው ብሎ ቀኙን ግራ እያለ ጽፎ ቢሆንስ? ሐሳቡ አንዴ ከገባባት በኋላ አልወጣ አላት። ሳጥን ሲያጥብ በመስኮት ታየዋለች። ለአይጦቹ ሲያንሾካሹክ ጊዜ «ይኸው» ትላለች።

«አጎቴ ኩን፣ ቫይረስ የሌለባት አይጥ ዕባጭ ታወጣለች እንዴ?» አለችው አንድ ቀን፣ እንደ ቀልድ።

«እኔ ያየሁትን እጽፋለሁ። ማጣፈጡ የእናንተ የተማሪዎቹ ሥራ ነው።»

በገነች። በማግስቱ ጥርጣሬዋን ለቤተ ሙከራው ኃላፊ ለፕሮፌሰር ሹዌ ነገረችው። ፕሮፌሰሩም ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገለውን ሠራተኛ ዓርብ ቁልፍ እንዲያስረክብ አዘዘ፤ የስንብት ደብዳቤውም የዚያው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሊፈረም ሆነ።

ኩን ዓርብ ጠዋት ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ከእንግዲህ ምላሱን የምታዪው አንቺ ነሽ፤ እስቲ አንዷን ያዢ» አላት።

ፔይዩን አይጧን ማጅራቷ ላይ ባለው ቆዳ ይዛ፣ ሆዷን ወደ ራሷ አዞረች።

«ቀኝ ጆሮዋ የቱ ነው?»

በጣቷ አሳየችው።

«ያ ግራዋ ነው።»

«በእኔ በኩል ቀኝ ነው።»

«በእሷስ?»

ፔይዩን አይጧን ገልብጣ ከጀርባዋ በኩል አየቻት። በጸደይ የበሳቻቸውን ሁሉ ይዛቸው የነበረው እንደዚሁ ነው፣ ሆዳቸውን ወደ ራሷ አዙራ። ሽማግሌው ግን ሁልጊዜ የሚያያቸው ከጀርባቸው፣ ሳጥኑ ውስጥ ሲሄዱ ነው። ለምርመራ ስትልክ ቀኝ ብላ የጻፈችው ሁሉ የአይጦቹ ግራ ነበር፤ ሰውየው አንድም ነገር አላዛባም። ፊቷ በኀፍረት ጋለ፤ ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም።

«ከመቼ ጀምሮ ያውቃሉ?»

«እርግጡን ያወቅኩት አሁን ነው» አለ ኩን፤ አይጧን ቀስ ብሎ ከእጇ ወሰደ። «እኔም ጠርጥሬሽ ነበር፣ ልጄ። ለማንም ግን አልተናገርኩም።»

ፔይዩን ጓንቷን እንኳ ሳታወልቅ፣ ደብዳቤው ሳይፈረም ልትደርስ ወደ ፕሮፌሰሩ ቢሮ የሚወስደውን ደረጃ በሩጫ ወጣች።